ራስ እምሩና የጎጃም ሹመታቸው

ጫግኒያችን ያኔ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት አካል ስለነበረች፣ ጎጃምን ካስተዳደሩት አንዱ ስለሆኑት ስለ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም ተወልደው ሐረር ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኮንን ጋር አብረው አደጉ። ጎጃም ከመምጣታቸው በፊት ሐረርን አስተዳድረዋል። በዚያ ዘመን ሹመት እንደ ዛሬው ምክር ቤት የአምስት ዓመት ገደብ አልነበረውም። ንጉሡ እስኪሽሩት ድረስ የሚቆይ ነበር። ጎጃምን ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ በኋላም ልጃቸው ራስ ኃይሉ ለረጅም ዘመን ስለገዙት ሹመቱ እንደ ርስት ይታይ ነበር።

በ1924 ዓ.ም ራስ ኃይሉ ሲሻሩ በቦታቸው የተሾሙት ራስ እምሩ ናቸው። ሥራው ቀላል አልነበረም። የራስ ኃይሉ ግብር ያስመረረው ሕዝብ እንኳ ከውጭ የመጣ ገዥ በቀላሉ አልተቀበለም። በ1928 ዓ.ም ጣልያን ሲወር ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። ከኋላቸው ደጃዝማች ገሠሠ በለው ሸፈቱ፤ ከዘማቹም ብዙው ከዳ። እርሳቸው ግን እስከ መጨረሻው ተዋጉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ እንደራሴ ሆነው ጎሬ ላይ ቆዩ። በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም ተማርከው ፖንዛ በተባለች የጣልያን ደሴት ለዓመታት ታሰሩ።

ከነፃነት በኋላ በአሜሪካና በሕንድ አምባሳደር ሆኑ። ከሁሉ የሚያስታውሳቸው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ከራሳቸው መሬት ብዙውን ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ። ሰዎችም ቀዩ ራስ አሏቸው። በ1972 ዓ.ም ዐረፉ። ልጃቸው ወይዘሮ ዮዲት እምሩም ሴቶች በእንዲህ ያለ ቦታ እምብዛም በማይታዩበት ጊዜ አምባሳደር ለመሆን በቅተዋል።

የጎጃም ሹመታቸው ጥቂት ዓመት ብቻ ቆየ፤ በስማቸው የቀረው ግን ሹመቱ ሳይሆን የሰጡት መሬት ነው። እኛም በየጊዜው ሰብሳቢና ገንዘብ ያዥ እንቀያይራለን። የቁጠባውን ሣጥን ቁልፍ ስንረካከብ ማን ምን ያህል ጊዜ እንደያዘው ሳይሆን ሣጥኑ ለማን እንደተከፈተ እንጠያየቅ።