ፕሮፌሰር ሐይም ፔከሪስ፦ ስሌቱ ከማሽኑ የቀደመ ሰው

ድምፅ በባሕር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የሚያሰላ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጽፉ ባለሙያዎች፣ ሥራቸው ትክክል መሆኑን ለመፈተሽ ዛሬም ወደ አንድ የቆየ ስሌት ይመለሳሉ። የስሌቱ ባለቤት ፕሮፌሰር ሐይም ፔከሪስ ናቸው። ውድ የቀድሞ ተማሪዎች፣ በዘንድሮው መጽሔታችን እሳቸውን እናስታውሳለን።

ፔከሪስ እ.ኤ.አ. በ1908 በሊትዌኒያ አሊቱስ ከተማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኤም አይ ቲ የአየር ጠባይ ሳይንስ ተማሩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ግን ፊታቸውን ወደ ባሕር አዞሩ። ሰርጓጅ መርከብ በሚታደንበት በዚያ ዘመን፣ ጥልቀት በሌለው ባሕር ውስጥ የፈነዳ ነገር ድምፁ ሩቅ ቦታ ላይ ለምን ተንዛዝቶ እንደሚሰማ ማወቅ ያስፈልግ ነበር።

ፔከሪስ ነገሩን አቀለሉት። ባሕሩን እንደ አንድ ወጥ የውኃ ንጣፍ፣ ወለሉን ደግሞ ድምፅ ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚያልፍበት ሌላ ንጣፍ ቆጠሩት። ድምፁ በውኃው ገጽና በወለሉ መካከል እየነጠረ ይጓዛል፤ ቀጭኑና ወፍራሙ ድምፅ ፍጥነታቸው ስለሚለያይ አብረው ተነስተው ተራ በተራ ይደርሳሉ። አጭሯ ፍንዳታ ረዝማ የምትሰማው ለዚህ ነው ማለት ነው። ጥናቱ በ1948 ታተመ።

በዚያው ዓመት ወደ እስራኤል ሄደው በረሆቮት በሚገኘው የዋይዝማን ተቋም የተግባራዊ ሒሳብ ክፍልን መምራት ጀመሩ። ሐሳባቸው ግን ከወረቀትና ከእርሳስ ያለፈ ነበር፤ ኮምፒውተር እንዲሠራ ፈለጉ። እንዲህ ላለች ትንሽ አገር ይህ ምን ያደርግላታል የሚል ጥያቄ ተነሣ። አልበርት አንስታይን ራሳቸው ተጠራጥረው እንደነበር ይነገራል። ጆን ፎን ኖይማን ታዲያ፣ ሌላ ተጠቃሚ ባይገኝ እንኳ ፔከሪስ ብቻቸውን ማሽኑን ሥራ እንደማያስፈቱት ተከራከሩላቸው ይባላል።

ዋይዛክ የተባለው የእስራኤል የመጀመሪያ ኮምፒውተር በ1955 ሥራ ጀመረ። የተባለውም አልቀረ፤ ፔከሪስና ባልደረቦቻቸው በእጅ ተሠርቶ የማያልቀውን የዓለም ውቅያኖሶች ማዕበል ሙላትና ጉድለት፣ የሂሊየም አቶምን ጉልበት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድን አሰሉበት።

ፔከሪስ በ1980 የእስራኤልን ሽልማት ተቀብለው በ1993 አረፉ። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስልክ ዋይዛክን ብዙ እጥፍ ያስከነዳል። ቢሆንም አዲስ የባሕር ድምፅ ፕሮግራም ሲጻፍ፣ ከብዙዎቹ ፈተናዎች አንዱ በእርሳስ የተሠራውን የፔከሪስን ቀላል ባሕር በትክክል ማስላት ነው።