ከ23 ዘሮች አንዷ፦ የዘር መራጩ የሉተር ቡርባንክ ሕይወትና ሥራ

አርሶ አደር አዝመራውን ሰብስቦ ምርቱን ወደ ጎተራ ከማስገባቱ በፊት ለመጪው ዓመት ዘር የሚሆነውን ለይቶ ያስቀምጣል። የትኛው ዛላ፣ የትኛው ራስ፣ የትኛው ፍሬ ለዘር እንደሚቀር የሚወስነው በዓይኑ፣ በእጁና በልምዱ ነው። ይህ ሥራ የእርሻን ያህል ዕድሜ ያለው ቢሆንም ሌላውን ሁሉ ትተው ዕድሜያቸውን በሙሉ ለዘር መረጣ የሰጡ ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ስሙ በዓለም የታወቀው አሜሪካዊው ሉተር ቡርባንክ ነው።

ቡርባንክ የዩኒቨርሲቲ በር አልረገጠም። ይሁን እንጂ ከ50 ዓመት በላይ በቆየው የሥራ ዘመኑ ከ800 በላይ የድንች፣ የፍራፍሬ፣ የአትክልትና የአበባ ዝርያዎችን ለገበሬው አበርክቷል። በዚያው ልክ የሠራቸው ስህተቶችም ቀላል አልነበሩም። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩ ዘር ለሚመርጥ፣ ዘር ለሚያባዛና ዘር ለሚሸጥ ሁሉ በሁለት በኩል ትምህርት ይሰጣል።

ልጅነቱና ወጣትነቱ

ሉተር ቡርባንክ የተወለደው እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1849 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ላንካስተር በምትባል የገጠር ከተማ ነው። አባቱ እርሻ ያርሳል፣ ጡብም ይሠራል። ቤተሰቡ ብዙ ልጆች የነበሩት ሲሆን ሉተር 13ኛ ልጅ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የእናቱን የጓሮ አትክልት መከታተል ይወድ ነበር። በላንካስተር አካዳሚ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ተምሮ፣ በወጣትነቱ ዎርስተር በተባለች ከተማ በማረሻ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሠርቷል።

ሕይወቱን ወደ ዘር ያዞረው አንድ መጽሐፍ ነው። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ለማዳ እንስሳትና ዕፅዋት መለዋወጥ እ.ኤ.አ. በ1868 ያሳተመውን ሥራ አገኘና አነበበ። ከዚያ የተረዳው ዋና ነገር፣ ከአንድ ወላጅ የተገኙ ዘሮች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸውን፣ የሚለያዩትን እየለየ የመረጠ ሰውም ዝርያን መለወጥ እንደሚችል ነበር። አባቱ ሲሞት በደረሰው ውርስ በለነንበርግ 17 ኤከር፣ ማለትም ወደ 7 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ገዛና አትክልት እያመረተ ለገበያ ማቅረብ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ነገር ተገለጠለት። ሁሉም ጎረቤት ያንኑ ዘር የሚዘራ ከሆነ ሁሉም ያንኑ ምርት ይዞ በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል። የተሻለ ገቢ ለማግኘት የተሻለ ዘር ያስፈልጋል።

የጠፋችው የድንች ፍሬ

በዚያ ዘመን ድንች አስተማማኝ ሰብል አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ቅጠሉን የሚያጠቁርና ድንቹን የሚያበሰብስ በሽታ በአየርላንድ ገብቶ ባደረሰው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል። የጉዳቱ አንዱ ምክንያት የድንች አተካከል ነው። ድንች የሚተከለው ራሱ ድንቹ ስለሆነ ልጁ ከእናቱ በምንም አይለይም። ማሳው ሁሉ የአንድ ተክል ቅጂ ይሆናል፤ አንዱን የጣለ በሽታ ሁሉንም ይጥላል።

ድንች ግን ሌላም ዘር አለው። አበባው ረግፎ አንዳንድ ጊዜ ትንሽ አረንጓዴ ቲማቲም የመሰለ ፍሬ ይተካል፤ በውስጡም ደቃቅ ዘሮች ይገኛሉ። ከእነዚህ ዘሮች የሚበቅለው እያንዳንዱ ተክል ከወላጁም ከወንድሙም የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1872 ቡርባንክ ኧርሊ ሮዝ በተባለ የድንች ዝርያ ላይ እንዲህ ያለ አንድ ፍሬ አየ። ይህ ዝርያ ፍሬ የሚሰጠው ከስንት አንዴ ስለነበር ፍሬው እስኪበስል በየቀኑ ይመላለስ ጀመር። አንድ ቀን ሲመጣ ፍሬው ከተክሉ ላይ የለም። ተስፋ ሳይቆርጥ መሬቱን እየዳበሰ ሲፈልግ ቆይቶ ከተክሉ ራቅ ብሎ ወድቆ አገኘው።

በፍሬው ውስጥ 23 ዘሮች ነበሩ። ዘርቶ ሲያበቅላቸው የሁሉም ድንች በመጠን፣ በቅርጽና በቀለም ተለያየ። አብዛኞቹ ከወላጃቸው የማይሻሉ ነበሩ። አንዷ ግን ትልቅ፣ ነጭ፣ ልሙጥና ብዙ የምትሰጥ ሆና ተገኘች። ቡርባንክ ይህችን አንዷን አስቀርቶ ሌሎቹን ተዋቸው።

አዲሱን ድንች ለጀምስ ግሪጎሪ፣ የማርብልሄድ ከተማ የዘር ነጋዴ፣ ሊሸጥለት 500 ዶላር ጠየቀ፤ የተከፈለው ግን 150 ዶላር ነበር። ከክፍያው ጋር 10 ድንች ለራሱ እንዲያስቀር ተፈቀደለት። ገዢው ዝርያውን በቡርባንክ ስም ጠራው። ከዚህ ዝርያ በኋላ በራሱ ለውጥ የተገኘውና ቆዳው ሻካራ የሆነው ረሴት ቡርባንክ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሰሜን አሜሪካ በስፋት ከሚመረቱት ድንቾች ግንባር ቀደሙ ሆኗል። ለተጠበሰ ድንች የሚፈለገው ረጅሙ ድንች ይኸው ነው። ዘሩን ያገኘው ሰው ከዚያ ሁሉ ሽያጭ ያገኘው ያችን 150 ዶላር ብቻ ነበር።

20 ሺህ ችግኝ በአንድ ዓመት

ቡርባንክ እ.ኤ.አ. በ1875 አሥሩን ድንች ይዞ ወንድሞቹ ወደሚኖሩበት ወደ ካሊፎርኒያ ተጓዘ፤ ኑሮውንም በሳንታ ሮዛ ከተማ መሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የችግር ነበሩ። በአናጢነትና በተገኘው የቀን ሥራ ሁሉ እየተዳደረ ቀስ በቀስ አነስተኛ የችግኝ ጣቢያ አቋቋመ።

ስሙን ያስጠራው እ.ኤ.አ. በ1881 ያጋጠመው ትዕዛዝ ነው። አንድ ባለሀብት ተደርቆ የሚሸጥ የፕሪም ዓይነት 20 ሺህ ችግኝ በዚያው ዓመት እንዲደርስለት ፈለገ። ሌሎች ችግኝ አፍዪዎች ሥራው ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈልጋል ብለው ነበር። ቡርባንክ አልሞንድ ከፕሪም ጋር ዝምድና እንዳለውና ዘሩ ፈጥኖ እንደሚበቅል ያውቅ ነበር። የአልሞንድ ዘር በእርጥብ አሸዋ አብቅሎ ወደ መደብ አዛወረ፤ ችግኙ ሲጠነክር የፕሪም እምቡጥ እየቆረጠ በግንዱ ላይ ለጠፈ፤ እምቡጡ ሲይዝ የአልሞንዱን ጫፍ አስወገደ። ጊዜው ሲደርስ 19,500 ችግኝ ለርክክብ ዝግጁ ነበር።

መምረጥ ማለት መጣል ነው

በ1885 ሴባስቶፖል አጠገብ ለሙከራ የሚሆን ተጨማሪ መሬት ገዛ። አሠራሩ በሦስት ደረጃ የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያ ከሩቅ አገር ሳይቀር የተለያዩ ዝርያዎችን አስመጥቶ የአንዱን ብናኝ በሌላው አበባ ላይ በማድረግ ያዳቅላል። ቀጥሎ ከተዳቀለው ዘር በሺህ የሚቆጠር ችግኝ ያፈላል። በመጨረሻ በመደቡ መካከል እየተመላለሰ የቅጠሉን ስፋት፣ የግንዱን ውፍረትና የእምቡጡን ሁኔታ እያየ ጥቂቱን ያስቀራል፣ ብዙውን ይነቅላል።

ለማፍራት ብዙ ዓመት የሚፈጁ ዛፎችን በተመለከተ ደግሞ ከየችግኙ እምቡጥ እየወሰደ በአንድ አዋቂ ዛፍ ላይ በብዛት ይለጥፍ ነበር። በዚህ ዘዴ አንድ ዛፍ የብዙ ዝርያዎች መፈተኛ ይሆናል፤ ፍሬውም ፈጥኖ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ መጣሉ ነበር። ለዓመታት የደከመባቸውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእንጆሪ ቁጥቋጦዎች አንድ ሁለቱን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ከምሮ አቃጥሏል። መካከለኛ ጥራት ያለውን ማስቀረት የነገውን ዘር ማበላሸት እንደሆነ ያምን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1901 ለገበያ ያበቃውን ሻስታ ዴዚ የተባለውን ነጭ አበባ ለማግኘት የአውሮፓና የጃፓን ዝርያዎችን እያዳቀለ 17 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በ1906 የወጣው ሳንታ ሮዛ የተባለው ፕሪም ከጃፓን ካስመጣቸው ችግኞች ጋር የተያያዘ ሥራ ውጤት ሲሆን ዛሬም ይመረታል።

መዝገብ ያልያዘ እጅ

ዝናው እየጨመረ ሲሄድ በዋሽንግተን የሚገኘው የካርኔጊ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ በየዓመቱ 10 ሺህ ዶላር ይሰጠው ጀመር። ተቋሙ የፈለገው ዕውቀቱ ተጽፎ ለሌላው እንዲተርፍ ነበር። ለዚህም ጆርጅ ሹል የተባለ ወጣት ሳይንቲስት ተመደበ። ሹል በየመደቡ እየዞረ የዚህ ተክል አባት ማነው፣ እናቱ ማናት፣ መቼ ተዳቀለ እያለ ሲጠይቅ መልሱ በአብዛኛው በቡርባንክ ጭንቅላት ውስጥ እንጂ በወረቀት ላይ አልነበረም። ማስታወሻዎቹ የተቆራረጡና ለራሱ ብቻ የሚገቡ ነበሩ። ከዚህም ሌላ የዘር ውርስን በተመለከተ በዘመኑ የተስፋፋውን የሜንዴልን ሕግ አልተቀበለውም፤ ተክል በሕይወቱ ያገኘውን ጠባይ ለልጁ ያወርሳል ብሎ ያምን ነበር። ይህ እምነት ትክክል እንዳልነበረ በኋላ ተረጋግጧል። ተቋሙ በ1909 ድጋፉን አቆመ።

በአንጻሩ እያንዳንዱን የበቆሎ ዘር ከነወላጁ ይመዘግብ የነበረው ሹል እ.ኤ.አ. በ1908 ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያዳቅሉ የተደረጉ የበቆሎ መስመሮች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ከፍተኛ ምርት እንደሚሰጡ አሳየ። የዲቃላ በቆሎ መሠረት ይኸው ነው። በኢትዮጵያ ገበሬ ዘንድ የታወቀው ቢኤች 660 የተሠራውም በዚሁ መርህ ሲሆን፣ ከማሳው የተለቀመው በቆሎ ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ የሚቀንሰውም ወላጆቹ ስለሚበተኑ ነው።

የበለስ ነገር

ቡርባንክ ከሁሉ በላይ ተስፋ የጣለው እሾህ በሌለው በለስ ላይ ነበር። በትግራይ በደንብ የሚታወቀው ይህ ተክል በደረቅ መሬት የሚበቅል በመሆኑ እሾሁ ከጠፋለት የበረሃ ከብት መኖ ይሆናል ብሎ አሰበ። ለዓመታት በእጁ እሾህ እየተወጋ መርጦ እሾህ አልባ የሆኑትን ለየ፤ ከ1907 ጀምሮም በሰፊው አስተዋወቀ።

ችግሩ የመጣው ከሽያጩ ነው። በ1912 በስሙ የተቋቋመ ኩባንያ የመሸጥ መብቱን ያዘ። ገዢው ሲበዛ እሾህ አልባው ተክል አልበቃ አለ። በዚህ ጊዜ ተራውን በለስ እሾሁን በእሳት ለብልቦና በብሩሽ አጽድቶ እንደ ምርጥ ዘር መሸጥ ተጀመረ። የተለበለበው በለስ ሲተከል አዲሱ ቅጠል እሾሁን ይዞ ወጣ። እውነተኛውም ቢሆን አጥር የሚሻ፣ በቂ ውሃ ካላገኘም የተባለለትን ምርት የማይሰጥ ነበር። ገንዘባቸውን ያወጡ ገበሬዎች ከሰሩ፤ ኩባንያውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰረ። ማጭበርበሩ የቡርባንክ እጅ ሥራ ባይሆንም በተክሉ ላይ የተለጠፈው ስም የእርሱ ነበርና ክብሩ ተጎዳ። በትግራይ በድርቅ ጊዜ የበለስ እሾህ እየተለበለበ ለከብት ይቀርባል፤ ይህ ግን መኖ ነው፣ ዘር አይደለም። ልዩነቱን አለማወቅ ያን ሁሉ ገበሬ አስከፍሎታል።

ዕረፍቱና ከእርሱ በኋላ

ሉተር ቡርባንክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 1926 በ77 ዓመቱ ሳንታ ሮዛ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ፤ በግቢውም በአንድ የሊባኖስ ዝግባ ሥር ተቀበረ። የካሊፎርኒያ ግዛት የልደቱን ቀን የዛፍ ቀን አድርጎ ያከብራል።

ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1930፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አዲስ ዝርያ ላወጣ ሰው የባለቤትነት መብት የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ለቡርባንክም ከሞቱ በኋላ በዚህ ሕግ መሠረት መብቶች ተመዝግበውለታል። ሕጉ ግን በሥር ድንች የሚራቡትን ተክሎች አላካተተም። ስለዚህ ቡርባንክ በሕይወት ቢቆይ እንኳ ስሙን ያስጠራችው ድንች መብት አታስገኝለትም ነበር።

ለዛሬ የሚተርፈው

ከቡርባንክ ሕይወት የሚገኘው ትምህርት በአውድማም በዘር መጋዘንም የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው፣ ምርጫ ከብዙ መካከል መሆን አለበት፤ ከ23 ዘሮች መካከል አንዷ ብቻ ነበረች የበለጠችው። ሁለተኛው፣ ዘር የሚመረጠው ተክሉ በማሳ ቆሞ ሳለ ነው፤ ጎተራ ከገባ በኋላ ፍሬው ይታያል እንጂ የተክሉ ጤና፣ ቁመትና የደረሰበት ጊዜ አይታይም። ሦስተኛው፣ እንደ በቆሎ በነፋስ፣ እንደ ዱባ በንብ የሚዳቀል ሰብል ከሆነ እናቱ ብቻ ሳትሆን አባቱም መታወቅ አለበት። ትልቅ ዱባ ያስቀረ ሰው የጎረቤቱን ትንሽ ዱባ ብናኝ አብሮ አስቀርቶ ሊሆን ይችላል። በቆሎ ከማሳው መካከል እንጂ ከዳር አለመመረጡ፣ የዱባም አበባ ከመፈንዳቱ በፊት ታስሮ በእጅ መዳቀሉ ለዚህ ነው።

አራተኛው መዝገብ ነው። የአንድ ሰው ዓይንና እጅ ከሰውየው ጋር ያልፋል፤ የተጻፈው ግን ለማኅበሩ ይቀራል። ዘሩ ከማን ማሳ መጣ፣ በየትኛው ዓመት፣ በምን ያህል ምርት ተመረጠ የሚለው በአባሉ ደብተርና በዩኒየኑ መዝገብ ላይ ቢሰፍር፣ የተለበለበ በለስ እንደ ምርጥ ዘር ሊሸጥ የሚመጣ ሰው ጥያቄ ይጠብቀዋል። የመጨረሻው ደግሞ፣ ምርጥ ዘር ቢገኝም አንዱን ብቻ በአገር ሁሉ መዝራት የአየርላንድን አደጋ መልሶ መጥራት ነው። ሰፊ ማሳ የሸፈነው ረሴት ቡርባንክ ራሱ ያን የጥንቱን በሽታ የሚከላከለው በመድኃኒት ርጭት ነው። ለዘር የቀረው አንዱ ምርጥ ሲዘራ፣ የአያት የቅድመ አያቱ ልዩ ልዩ ዘርም በአንድ ጥግ አብሮ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ የነገዋ አንዷ ዘር የምትገኘው ከእርሱ መካከል ነውና።