ፍሪድሪክ ሰርቱርነር፤ ከዕፅዋት መድኃኒትን ለይቶ ያወጣ ወጣት

ፍሪድሪክ ሰርቱርነር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1783 ዓ.ም. በጀርመን አገር፣ በፓደርቦርን አጠገብ ኖይሃውስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በ1798 ስለ ሞተበት ከፍ ያለ ትምህርት ለመከታተል አልቻለም፤ ስለዚህ በ16 ዓመቱ ከአንድ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ሊማር ገባ።

በዚያ ዘመን ሐኪሞች ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጡት ኦፒየም ነበር። ይህም ፖፒ ከሚባለው ተክል ፍሬ የሚገኝ የደረቀ ወተት ነው። ነገር ግን ኀይሉ አንድ ዐይነት ስላልነበረ፣ ያው መጠን አንዱን በሽተኛ ሳይረዳ ሲቀር ሌላውን ይገድል ነበር። ሰርቱርነር ኦፒየሙን በአሲድ አሟሙቶ አሞኒያ ቢጨምርበት ቅንጣቶች ወጡለት፤ ለውሻ ቢሰጠውም ውሻው አንቀላፋ። ዕድሜው ያን ጊዜ 21 ዓመት ገደማ ነበር።

ግኝቱን ጽፎ ቢያሳትም የሚሰማው አላገኘም። ሊቃውንቱ ከተክል የሚገኘው አሲድ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበርና፤ የእርሱ ግኝት ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነበር። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም። ከሦስት ወጣቶች ጋራ ሆኖ መድኃኒቱን በራሱ ላይ ሞከረ፤ ሁሉም ክፉኛ ስለ ተመረዙ ጠንካራ ኮምጣጤ ጠጥተው በማስመለስ ዳኑ። ይህንም በ1817 ባሳተመ ጊዜ የፈረንሳዩ ሊቅ ጌይ ሉሳክ ዋጋውን ተረዳለት። በ1831 ከፈረንሳይ አገር 2000 ፍራንክ ተሸለመ፤ በ1841ም ዐረፈ።

ያ ቅንጣት ሞርፊን ነው። በሐኪም ቊጥጥር ካልተወሰደ ሱስ የሚያስይዝና የሚገድል ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ የነቀርሳ በሽተኞችን ሥቃይ ያስታግሣል። ሌሎችም የእርሱን መንገድ ተከተሉ። በ1820 ፔልቲዬና ካቫንቱ የተባሉ ፈረንሳውያን ለወባ የሚሆነውን ኪኒን ከዛፍ ቅርፊት ለዩ። በ20ኛው መቶ ዓመትም ከማዳጋስካር በመጣ አበባ ውስጥ ቪንክሪስቲን ተገኘ፤ የደም ነቀርሳ የያዛቸው ብዙ ሕፃናት ከሌሎች መድኃኒቶች ጋራ እየተሰጣቸው ድነዋል። ታክሶል የተባለው የነቀርሳ መድኃኒትም መጀመሪያ የተገኘው ከዛፍ ቅርፊት ነው። ዛሬም ተመራማሪዎች ለነቀርሳና ለቫይረስ በሽታዎች የሚሆን ነገር በዕፅዋት ውስጥ ይፈልጋሉ።

እንግዲህ ከሰርቱርነር ሕይወት የምንማረው ይህ ነው፦ ቅጠል ኀይል ስላለው ብቻ መድኃኒት አይሆንም። የሚሠራው ነገር ተለይቶ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ ጉዳቱም ታውቆ ነው ሰውን የሚያድነው። ይህን ያስተማረንም ታላቅ ትምህርት ቤት ሳይገባ፣ ሰሚ አጥቶ ዓመታት የቈየ አንድ ትጉህ ወጣት ነው።