አቡነ ጴጥሮስን ለታናናሾቻችን ስናስተምር

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ የምንገኝ ወጣቶች ሕፃናቱን ስለ ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ አዲስ አበባ ያለውን ሐውልት ይጠሩልናል። የእኛው የወሎ ጳጳስ እንደነበሩ ግን አያውቁም። ስለዚህ ታሪካቸውን ከሥሩ እንነግራቸዋለን።

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ፍቼ ተወላጅ ናቸው። በደብረ ሊባኖስ መንኩሰው በመምህርነት አገለገሉ። በዚያ ዘመን ለአገራችን ጳጳስ የሚላከው ከግብፅ ነበር። በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ለጵጵስና ሲሾሙ አንዱ እሳቸው ሆኑ፤ መንበራቸውም ደሴ ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባን ያዘ። አቡነ ጴጥሮስ ከሰላሌ አርበኞች ጋር ሆኑ። አርበኞቹ በሐምሌ ወር ከተማይቱን ለማስለቀቅ ያደረጉት ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር፣ አቡኑ በጠላት እጅ ወደቁ።

ከእሳቸው የተፈለገው ቃል ብቻ ነበር፤ አርበኞችን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙና ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ እንዲሰብኩ። እሳቸው ግን እምቢ አሉ፤ ይልቁንም ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአደባባይ በጥይት ተደበደቡ።

እዚህ ላይ ስንደርስ ከሕፃናቱ አንዱ፣ ያን ቃል ብለው ነፍሳቸውን ቢያድኑስ ምን ነበረበት ብሎ ጠየቀን። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም እንዲህ ብለን አስረዳነው፤ አባት አርበኛውን ሽፍታ ካለ፣ ልጁን ወደ ዱር የላከ ገበሬ በልጁ ያፍራል። ጠላት መሬቱን በመድፍ ሊይዝ ይችላል፤ ሕዝቡ በገዛ አገሩ የመኖር መብት እንዳለው ማመኑን ግን የሚያስጥለው የሚያከብረው ሰው ሲክድበት ነው። ያን ክሕደት ነው አቡኑ እምቢ ያሉት።

ወገኖቻችን! ከእኛ ሞት የሚጠይቅ የለም። ነገር ግን በሽምግልና ፊት፣ በፍርድ ቤት፣ በትምህርት ቤትም አንዲት የሐሰት ቃል የምንጠየቅበት ቀን ይመጣል። ጓደኛችን ሳያጠፋ ሲቀጣ እያወቅን ዝም ያልንበት ጊዜ እንዳለ አንክድም። የሰማዕቱን ታሪክ ለታናናሾቻችን ስናስተምር፣ አስቀድመን ራሳችንን እናስተምር። እግዚአብሔር ይርዳን።