የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ሰው፦ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም



ካኮ የሚኖር አንድ ሙስሊም ቤተሰብ በውርስ ቢከራከር ጉዳዩን በአገር ሽማግሌ ሊጨርስ ይችላል፤ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤትም ሊሄድ ይችላል፤ ሁሉም ተከራካሪዎች ከተስማሙ ደግሞ በሸሪዓ ሊዳኝ ይችላል። ይህ ምርጫ እንዲሁ የተገኘ አይደለም፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 ላይ ተጽፎ የተገኘ ነው። ብዙዎቻችን ግን ሕገ መንግሥት ሲነሳ የሕግ ተማሪዎችና የፖለቲከኞች ጉዳይ አድርገን እናልፈዋለን። ለዚህ ነው በዚህ እትም የአገራችንን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁትን ሰው ሕይወት የመረጥነው። ሙስሊም አልነበሩም፤ የጻፉትም ሆነ ሳይጻፍ የቀረው ነገር ግን እኛን ይመለከታል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና ታዳጊ ሳሉ ወደ ሩሲያ ተወሰዱ፤ እዚያም በአንድ የሩሲያ ቤተሰብ እጅ አድገው የመድፈኛ መኮንንነት ትምህርት ተማሩ። በኋላም አውሮፓ ውስጥ የግብርና ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገራቸው ሲመለሱ በዘመኑ ጥቂት ሰው ብቻ የነበረውን እውቀት ይዘው ነበር። ፋቡላ የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

በ1909 ዓ.ም. ስማቸው ለእኛ ቀላል ባልሆነ ታሪክ ውስጥ ተነሳ። ልጅ ኢያሱ በሐረርና በኦጋዴን ካሉ ሙስሊሞች ጋር በመቀራረባቸው ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው ተከሰሱ። በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17፣ መኳንንቱ ተሰበሰቡ፤ ጳጳሱም ሕዝቡን ለኢያሱ ከገባው መሐላ ፈቱት፤ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ተክለ ሐዋርያት በዚያ ሥራ ከዋነኞቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበሩ። አንድ መሪ በምን ጥፋት፣ በማን ፊት፣ በምን ሥርዓት ከሥልጣን እንደሚወርድ የሚደነግግ የተጻፈ ሕገ መንግሥት በዚያን ጊዜ አልነበረም። ኢያሱ ጥፋተኛ ናቸው አይደሉም የሚለውን ትተን ይህችን ነጥብ ብቻ እንያዝ፦ ከሙስሊም ጋር መቀራረብ ክስ ሊሆን ይችል ነበር፤ ክሱን የሚመዝን የተጻፈ ሚዛን ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ተክለ ሐዋርያት ጅጅጋንና ጨርጨርን አስተዳደሩ። የዛሬዋ ጭሮ፣ የያኔዋ አሰበ ተፈሪ፣ ከተማ ሆና የተቆረቆረችው በእሳቸው ዘመን ነው። ሁለቱም አብዛኛው ነዋሪያቸው ሙስሊም የሆነ አገሮች ናቸው። ስለዚህ ሙስሊሙን ከሩቅ በወሬ የሚያውቁ ሰው አልነበሩም፤ አስተዳድረውታል፣ ከጎኑ ኖረዋል።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከነገሡ በኋላ ሕገ መንግሥት እንዲያረቅቁ የታዘዙት ተክለ ሐዋርያት ነበሩ። ዋናው አርአያቸው የጃፓን የ1889 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥት ሆነ። ምርጫው የራሱ ትርጉም ነበረው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ከሕዝብ ይጀምራል፤ የጃፓኑ ግን ከንጉሠ ነገሥቱ። ረቂቁ ለመሳፍንቱና ለመኳንንቱ ቀርቦ ሲመከርበት ትልቁ ክርክር ግዛት በውርስ ይተላለፍ ወይስ በንጉሡ ሹመት ይሁን የሚል ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ተክለ ሐዋርያትም ትርጉሙን ለተሰበሰበው ሕዝብ በንግግር አብራሩ። 55 አንቀጾች ነበሩት። ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ ሕዝቡ ግን ቀጥታ የሚመርጠው አልነበረም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ እንምጣ። በጃፓኑ ሕገ መንግሥት 28ኛ አንቀጽ ላይ የእምነት ነፃነት ተጽፎ ነበር። በእኛው ላይ ይህ አንቀጽ አልገባም። ቤቱ ያለ ሕግ እንዳይበረበር የተጻፈለት ሰው ስለ ሰላቱና ስለ መስጂዱ አንድ መስመር አልተጻፈለትም።

ያልተጻፈው ለመጻፍ ስንት ጊዜ ወሰደ? በ1934 ዓ.ም. የቃዲ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ታወቁ፤ ይህ ግን አዋጅ እንጂ ሕገ መንግሥት አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ማንም በአምልኮው እንዳይከለከል ደነገገ፤ በዚያው ሰነድ ግን ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ሃይማኖት ሆና ጸናች። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች አዲስ አበባ ውስጥ 13 ጥያቄዎች ይዘው በሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ዛሬ በሥራ ላይ ባለው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ የሃይማኖትና የመንግሥት መለያየት፣ የእምነት ነፃነትም በአንቀጽ 11 እና 27 ተጽፈዋል። ከ1923 እስከ 1987 ስልሳ አራት ዓመት ነው፤ የአንድ ሰው ዕድሜ።

ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው የዚህን መንገድ አብዛኛውን አይተዋል። የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ሠሩ። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ስትወር በጄኔቭ በመንግሥታቱ ማኅበር የኢትዮጵያ ተወካይ ሆነው ተሟገቱ፤ የዓለም ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ሲቀር ምን እንደሚመስል እዚያ አዩ። ከዚያም ተሰደው ማዳጋስካር ገቡ፤ ከነፃነት በኋላም ለዓመታት እዚያው ቆዩ። ተመልሰውም የ1966ቱን ሰልፍ ዘመን ደረሱ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሕገ መንግሥቱን ሲያግድም በሕይወት ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. አረፉ።

በአሜሪካም ቢሆን የተጻፈው ብቻውን አልሠራም። የእምነት ነፃነት እዚያ የተጻፈው በ1791 እ.ኤ.አ. ነው። ቦክሰኛው ሙሐመድ አሊ በእምነቱ ምክንያት አልዘምትም ብሎ ከተፈረደበት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1971 እ.ኤ.አ. ፍርዱን የሻረለት፣ ጠበቆቹ አራት ዓመት ስለተከራከሩ ነው። የተጻፈ ሕግ ተከራካሪ ይፈልጋል።

ስለዚህ ውድ እህት ወንድሞች፣ ከፊታውራሪው ሕይወት ሁለት ነገር እንውሰድ። ሕግ ሲረቀቅ እዚያ ያልተገኘ ሰው ጉዳይ በቀላሉ ይዘለላል፤ ከመካከላችን ሕግ የሚያጠኑ ይብዙ። የተጻፈልንንም እንወቀው፤ አንቀጽ 11፣ 27 እና 34 ተነበው ለመጨረስ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ ይበቃል። ካኮ ላለው ወንድማችንም ሆነ ለጎረቤቱ መብቱን በትክክል የሚነግረው ሰው ከእኛ መካከል ይውጣ። አላህ በእውቀታችን ተጠቃሚና ጠቃሚ ያድርገን። አሚን።