ለነገ ያልተጨነቀው አባት

እኛ ወጣቶች የነገው ነገር ያሳስበናል። ትምህርት ስንጨርስ ምን እንሠራለን፣ ወዴትስ እንሄዳለን እያልን እንቅልፍ እናጣለን። የግብፁ አባታችን ቅዱስ እንጦንስ ግን በ20 ዓመቱ ገደማ፣ ወላጆቹ ሞተው ሰፊ መሬትና አንዲት እህት በእጁ ሳሉ፣ ወንጌል ሲነበብ ሰምቶ መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ። ለእህቱ ጥቂት አስቀርቶ የቀረውን ለድሆች መጸወተ። ሌላ ቀን ስለ ነገ አለመጨነቅን የሚያስተምረውን ቃል ሲሰማ ያንኑም ሰጠ። እህቱንም ለደናግል አደራ ብሎ ወጣ።

20 ዓመት ያህል በፈረሰ ምሽግ ዘግቶ ኖረ። በ311 እ.ኤ.አ. በስደቱ ዘመን ወደ እስክንድርያ ወርዶ የታሰሩትን አገለገለ። ሰማዕትነትን ቢመኝም አልሆነለትም፤ ተመለሰ። ኋላም ሕዝብ ሲበዛበት በዓባይ ዳር መርከብ ሲጠብቅ፣ ወደ በረሃ ግባ የሚል ድምፅ ሰማ። መንገዱን ስለማያውቅ መንገደኞችን ተከትሎ ሦስት ቀን ተጓዘ፤ ውኃና ተምር ካለበት ተራራም ደረሰ።

እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። ሰሌን ይታታ ነበር፤ ምግብ የሚያመጡለት እንዳይደክሙም ስንዴ ዘራ። በ356 እ.ኤ.አ. በ105 ዓመቱ ዐረፈ።

ማቀድ ክፉ አይደለም። እቅዳችን ሲገዛን ግን እንታሰራለን። እንጦንስ የሚይዘው ነገር ስላልነበረ፣ ሲጠራ መሄድ ቻለ። እኛም የዛሬውን በትጋት ሠርተን ነገን ለባለቤቱ እንተው።

በረከቱ ይደርብን።