ጃክ ለንደን በዋይኪኪ ማዕበል ላይ

በዛሬው የእሑድ ዓምዳችን የምናነሣው ሰው፣ ብዙዎቹ ተማሪዎቻችን በበረዶና በተኩላ ታሪኮቹ የሚያውቁት አሜሪካዊው ደራሲ ጃክ ለንደን ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንከተለው ወደ በረዶው ሳይሆን ወደ ሐሩሩ አገር፣ በ1907 ወደ ሐዋይ ደሴቶች ባደረገው ጉዞ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ጃክ ለንደን ጥር 12 ቀን 1876 በሳን ፍራንሲስኮ ከድኻ ቤት ተወለደ። ጡት አጥብታ ያሳደገችው ቀድሞ ባሪያ የነበረች ቨርጂኒያ ፕሬንቲስ የምትባል ጥቁር ሴት ናት። ይህን አንባቢያችን እንዲያስታውስልን እንፈልጋለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና። ገና በልጅነቱ በቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ገብቶ በሰዓት አሥር ሳንቲም እየተከፈለው ሲደክም ኖረ። ከዚያ ባርነት ያወጣችውም ይህችው ሞግዚቱ ናት፤ ገንዘብ አበድራው ትንሽ ጀልባ ገዛ። በጀልባይቱ የሠራው ሥራ ግን የሚያስመሰግን አልነበረም፤ ሰዎች በባሕር ዳር የሚያረቡትን ኦይስተር የተባለ ባለ ቅርፊት እንስሳ በሌሊት እየሰረቀ ይሸጥ ነበር። በዚያው ልክ ከኦክላንድ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ ሌሊቱን ያነባል። በ1893 በመርከብ ተቀጥሮ እስከ ጃፓን ባሕር ደረሰ። ዩኒቨርሲቲም በ1896 ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘብ ቸግሮት ብዙ ሳይቆይ ወጣ። በ1897 ወርቅ ፍለጋ ወደ ክሎንዳይክ በረዶ ዘመተና በማግሥቱ ዓመት ያለ ወርቅ፣ ድድ በሚያደማ በሽታ ተይዞ፣ በታሪክ ግን በልጽጎ ተመለሰ። «የዱር ጥሪ» የተባለው መጽሐፉ በ1903 ሲታተም ስሙ በዓለም ተሰማ።

ዝና ያገኘ ሰው ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። እርሱ ግን መርከብ አሠራ፤ ዓለምን በሰባት ዓመት ሊዞር። 7,000 ዶላር ይበቃል የተባለው ሥራ 30,000 ፈጀ፤ የ1906ቱ የሳን ፍራንሲስኮ የመሬት መንቀጥቀጥም ሥራውን አጓተተው። «ስናርክ» የተባለችው ይህች ባለ ሸራ መርከብ ሚያዝያ 23 ቀን 1907 ከኦክላንድ ስትነሣ ውኃ ታስገባ ነበር። መንገድ የሚመራ ባለሙያም ስላልነበረ፣ ለንደን በውቅያኖስ መካከል ሆኖ መጽሐፍ ገልጦ የመርከብ አቅጣጫ አያያዝን ተማረ። ከ27 ቀን በኋላ ሐዋይን አገኟት፤ እኛ በበኩላችን ከመጻሕፍቱ ሁሉ ይልቅ ይህን እናደንቃለን።

በዚያን ጊዜ የሐዋይ ሕዝብ የሐዘን ዘመን ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ካፒቴን ኩክ በ1778 ከደረሰ ወዲህ ከውጭ የገባው በሽታ ሕዝቡን ጨርሶታል። በ1893 ንግሥቲቱ ሊሊዑኦካላኒ ከዙፋን ወረደች፤ በ1898 ደሴቶቹ ወደ አሜሪካ ተጠቃለሉ። ቀድሞ ንጉሡም ተራው ሰውም፣ ወንዱም ሴቱም ይጫወተው የነበረው በሳንቃ ላይ ሆኖ ማዕበል መጋለብ፣ በ1820 የመጡት ሚሲዮናውያን ስላልወደዱትና ተጫዋቹም ስላለቀ፣ እንደ ዋይኪኪ ባሉ ጥቂት ዳርቻዎች ብቻ ቀርቶ ነበር።

ይህ ግልቢያ ምን እንደሆነ ባሕር ላላየ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። የደረሰ የጤፍ ማሳ ላይ ነፋስ ሲያልፍ የሚታየውን ማሰብ ግን ይረዳል፤ ሞገዱ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ጤፉ ከሥሩ አይነቃነቅም። የባሕሩም ማዕበል እንዲሁ ነው፤ የሚጓዘው ኃይሉ እንጂ ውኃው አይደለም። ጥልቀቱ ወዳነሰበት ሲደርስ ግን ግርጌው በባሕሩ ወለል ተይዞ ይዘገያል፤ አናቱ ወደ ፊት ተጣድፎ ይናዳል። ጋላቢው በሳንቃው ላይ በሆዱ ተኝቶ በእጆቹ እየቀዘፈ ከማዕበሉ ፍጥነት ጋር ይተካከላል። ከተካከለ በኋላ ለንደን ራሱ እንዳስረዳው ቁልቁለት እንደሚወርድ ሰው ነው፤ ነገር ግን ቁልቁለቱም አብሮት ስለሚሄድ ከግርጌው አይደርስም።

ለንደን በመጀመሪያ ትንሽ ሳንቃ ይዞ በዳርቻው ከሚጫወቱት ሕፃናት ጋር ገባ። ሕፃናቱ እንደ ወፍ ይበርራሉ፤ ዝነኛው ደራሲ ይሰጥማል። ይህን ያየ አሌክሳንደር ሂዩም ፎርድ የተባለ ጋዜጠኛ፣ እርሱም ጥበቡን በዚያው በዋይኪኪ ገና በቅርቡ የተማረ፣ ትንሹን ሳንቃ አስጥሎ ትልቅ ሰጠውና እየገፋ አስጀመረው። በማግሥቱ ወደ ጥልቁ ወጡ። ማዕበል በማዕበል ላይ ሲመጣባቸው፣ በአንደኛው ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚበርር ጎልማሳ አዩ። ከሐዋይ ትውልድ የሚወለደው ጆርጅ ፍሪዝ ነበር፤ ዕድሜው 23 ዓመት። እርሱም የሚያውቀውን ሳይሰስት አስተማረው። ለንደን በዚያን ቀን በሆዱ ተኝቶ እንጂ ቆሞ አልጋለበም፤ ቢሆንም የያዛትን የመጀመሪያዋን ትልቅ ማዕበል ዕድሜውን ሙሉ የማይረሳት መሆኑን መስክሯል።

አራት ሰዓት በውኃው ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ፀሐይ አቃጥላው ነበር። በማግሥቱ ቆሞ እጋለባለሁ ያለው ሰው፣ ከጉልበቱ በስተ ጀርባ ሳይቀር ቆዳው ውኃ ቋጥሮ መራመድ አቅቶት አልጋ ላይ ዋለ። እዚያው ተኝቶም ስለ ግልቢያው ጻፈ። ጽሑፉ በ1907 ጥቅምት ወር በአንድ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ወጣና ሊረሳ የተቃረበውን ጨዋታ ለዓለም አስተዋወቀ። ፍሪዝም ለንደን የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ በዚያው ዓመት ወደ ካሊፎርኒያ ሄዶ ጥበቡን ለሕዝብ ያሳይ ጀመር።

እዚህ ላይ ዝም ብለን ማለፍ የማንችለው ነገር አለ። በዋይኪኪ ጠይሙን የባሕር ጌታ አድንቆ የማይጠግበው ይህ ሰው፣ በሌላ ጊዜ የነጭ ዘር ከሁሉ ይበልጣል ብሎ የሚጽፍ ነበር። ጉዞው በሐሩር አገር በሽታ ተቋርጦ በ1908 ሲድኒ ሆስፒታል ገባ። ታኅሣሥ 26 ቀን በዚያችው ከተማ ጥቁሩ ቡጢኛ ጃክ ጆንሰን ነጩን ቶሚ በርንስን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን፣ ለንደን ለኒው ዮርክ ጋዜጣ ዘገበ። ጆንሰን እጅግ የበለጠ መሆኑን አልደበቀም፤ ነገር ግን ከቡጢ የተሰናበተው ነጭ ሻምፒዮን ጄፍሪስ ተመልሶ ክብሩን ለነጮች እንዲያስመልስ ጥሪ አቀረበ። ጄፍሪስ በ1910 ተመልሶ ተሸነፈ። በጥቁር ሴት ጡት ያደገ፣ በእርሷም ብድር ነፃ የወጣ ሰው ይህን መጻፉ እንቆቅልሽ ነው፤ በወጣትነቱ ድኻ ስለነበር ነው የሚሉትንም እኛ አንቀበልም።

በዚያው በታኅሣሥ 1908፣ ፍሪዝ በካሊፎርኒያ ዳርቻ በማዕበል የተያዙ ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆችን ደጋግሞ ወደ ውኃው እየዘለለ አተረፈ፤ መንግሥትም በወርቅ ሜዳልያ ሸለመው።

ለንደን በ1915 እና በ1916 ወደ ሐዋይ ተመልሶ ብዙ ወራት ኖረ። ፎርድ በ1908 በዋይኪኪ ያቋቋመው የማዕበል ጋላቢዎች ማኅበር በነጮች ተሞልቶ፣ የሐዋይ ልጆችም በበኩላቸው «ሁዊ ናሉ» የተባለ የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመው አገኛቸው። ኩላሊቱ ግን እያሠቃየው ነበር። ኅዳር 22 ቀን 1916 በካሊፎርኒያ እርሻው በአርባ ዓመቱ ሞተ፤ አመዱም በዚያው በኮረብታው ላይ፣ ካልተጠረበ ትልቅ ድንጋይ ሥር ተቀበረ።